ቲኬት ቀዳጁ

ያኔ ፒያሳ ላይ፣ ከሲኒማው ደጃፍ፣ ቲኬት ቀዳጅ ሳለሁ፣
የእንግሊዟን ልጅ ሞት፣ ሠላሳ ስምንት ማታ ቆሜ አይቻለሁ።
ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግድም፣
ሳል ያጣድፋታል፣ መሐረቧ ላይ ጠብ ይላል ደም፤
ቫዮሊን ይነሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ መጋረጃው ይርዳል፣
ባልኮኒ ያለው ባለ ከረቫት ሳይቀር አፍንጫው ይረጥባል።
እኔ ብቻ አላለቅስ፤
ባትሪዬን ይዤ፣ የሚቀጥለው ሰልፍ እስቲደርስ፣
በልቤ እቆጥር ነበር፦ አራት... ሦስት... አሁን አንገቷ ዘንበል፣
አሁን እጇ ከአልጋው ዝቅ፣ አሁን ሻማው እልም ሲል።

ፖስተሩን የሣለው ባሻ ወልደየስ ስሟን በጆሮው ጻፈው፤
«ሔስተር ፔምብሪ» ያሉትን «አስቴር ፍም ብሪ» አደረገው።
ሰፈሩም አልመረመረ፣ በዚያው ስም ተቀበላት፤
ከጠጅ ቤት እስከ ሊስትሮ፣ የኛው ልጅ ናት እያለ አማት።

ዘመን ሄደ። ሲኒማው ተዘጋ፣ ጥርሴም ከላይ ረገፈ፤
ባትሪ የያዘው እጄ፣ የዘበኛ ዱላ ታቀፈ።
ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ ከሆስፒታሉ አጥር ኋላ፣
አንድ ግቢ አለ፤ የታመመ ልጅ አዝለው ከገጠር ለመጡ እናቶች ጥላ።
አንድ ሰኞ ከላዳ ወረደች፤ ፀጉሯ ጥጥ፣ ጫማዋ ጭቃ፤
ያቺ የሞተችው ሴትዮ! ከሹፌሩ ጋር በሂሳብ ተጣልታ፣ ታርቃ።
«እንኳን ከሞት ተረፍሽ» ልላት ነበር፣ እንግሊዝኛው ጠፋኝ፤
እሷ ግን በስብርባሪ አማርኛ፣ «ጋሼ፣ ቁልፉን» አለችኝ።

ኪራዩን ከፋይ እሷው ነች። የመድኃኒት ሰዓት በደብተር ትጽፋለች፤
ለሎንዶን ሀብታሞች ትደውላለች፣ ትለምናለች፣ ትሳደባለች።
ቅድስት እንኳ አልነበረችም፤ ሲጋራ ታጨሳለች ከጓሮ፣
ዳቦ ሻገተ ብላ ግቢውን ታምሳለች በእሮሮ።
ካሜራ ይዘው የመጡትን ከበር መለሰቻቸው፤
«እዚህ ትወና የለም» ብላ።
እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁባቸው።

ሌንጂሳ የሚባል የጊንጪ ልጅ፣ ፀጉሩን መድኃኒት የበላው፣
«ሥራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳው?
«መሞት» አልሁት። «ትሞታለች፣ ሰው ያለቅሳል፣ መብራት ሲበራ ትነሳለች።»
ዝም አለ። ቆየና በሹክሹክታ፦
«እኔንም ታስተምረኛለች?»

በነሐሴ ሄደ፤ ሌሊት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፤
እናቱ ደስቱ ነጠላዋን ነክሳ፣ ትንሽ ልብሱን ስትሰበስብ።
ቫዮሊን የለም። እንደ ልማዴ ቆጠርሁ፦ ሦስት... ሁለት... አንድ...
መብራት አልበራም፤ ማንም አልተነሳ ለመሄድ።
አስቴር ከኮሪደሩ ጥግ፣ ኩባያ በእጇ እንደያዘች፣
«ያኔ በደንብ ሞቼ ነበር?» ብላ እኔን ጠየቀች።
ሠላሳ ስምንቴ ያየሁ ሰው፣ ልዋሽ አልሆነልኝም፤
«ውብ ነበር» አልኋት። «ሞት ግን አልነበረም።»
ራሷን ነቀነቀች። ኩባያውን አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበች፤
ሲነጋ ደስቱን ደግፋ፣ ጊንጪ የሚያደርስ መኪና ፍለጋ ወጣች።

በማግስቱ ሌላ እናት፣ ከጎሬ፣ የሪፈር ወረቀቷን ዘረጋችልኝ ከበር፤
ጣቴ የድሮ አመሉ መጥቶበት፣ ግማሹን ሊቀድ ነበር።
አጥፌ መለስሁላት።
«ግቢ፣ ቦታ አለ» አልኋት።