ከመስታወቱ ማዶ

ወንበሩ ይንቋቋል፣ ግን አይጥልም፣ እመኚኝ፤
ሻይሽን ከማይኩ አርቂና ስሚኝ።

ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ
ላሚሶ ነበረ እዚህ፤ ሻካራ ነበረ ቃሉ፣
ጉንፋን የማይለቀው።
ዝም ማለትን ግን
እንደሱ ማን አወቀው?

ቫዮሊኑ አብቅቶ፣ የመጨረሻው ክር
ገና አየር ላይ ቀጥኖ እንደ ትንኝ ሲበር፣
እጄ ማብሪያው ላይ ሆኖ በመስታወት አየዋለሁ፤
“አሁን ይናገራል፣ አሁን” እያልኩ እቸኩላለሁ።
እሱ ጣቱን ያነሳል፦ ቆይ።
ሦስት ትንፋሽ። አራት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣
“ይህ ነበር” ይልና ያበቃል፣ ስሙን ብቻ አክሎ።

ያንድ ፈረንጅ ስም አንዴ አሳስቶ ጠርቶ
በሳምንቱ መጣ ይቅርታ አዘጋጅቶ።
“ሰውየው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመቱ፣
ማን ሊቀየም?” ብለው፣
“ለሟች” አለኝ፣ “ስሙ ነው ቤቱ።”

“ታላቅ ሥራ ነው” ብሎ አላስተዋወቀም አንድም፤
“ሐዋሳ፣ ነፋሱ ከታቦር ወርዷል፣ ሐይቁም ዛሬ አይተኛም፤
ይህን ስሙ” ነበር የሚለው።

አንድ ማታ ከአሞራ ገደል፣ የዓሣ መጋዘን ዘበኛ
ደወለ፦ “ጋሼ፣ ያ እንደታሰረ ጀልባ የሚያቃስተው፣
ስሙን አላውቀው፣ ይድገሙት ለኛ።”
ላሚሶ አልሳቀም። “ቼሎ ይባላል” አለው፤
“ጀልባ ብትለውም ግን አልተሳሳትክም።”
ደገመለት፣ ከመጀመሪያው።

አንቺ እንደሱ አትሁኚ፣ የራስሽ ድምፅ አለሽ።
ብቻ...
ፒያኖው ሊያልቅ ነው። አፍሽን ከፈትሽ፣ አየሁሽ፤
ጣቴን አንስቻለሁ፦
ቆዪ።