ሳይቆረጥ

አውራ ጣቴ ነው መጀመሪያ ያወቀው፤
ከሐኪሙ በፊት፣ ከእኔም በፊት፣ እሱ ነው የጠረጠረው።
ሃያ ሁለት ዓመት ሄርማታ ገበያ
አቮካዶ ስሸጥ፣ ከአዌቱ ወዲያ፣
ሰው ቢላ ይለኛል፤ እኔ ግን ጣት አለኝ
አንገቱ ስር ጫን ስል ውስጡን የሚነግረኝ።
የነገውን ለነገ፣ የዛሬን ለዛሬ፣
ያለፈበትን ደግሞ ለጎረቤት በሬ፣
እንዲህ ስለይ ኖርኩኝ ሳልቆርጥ አንድ ፍሬ።

አንድ ማታ ስታጠብ፣ ሳሙና እንደያዝኩ፣
ግራ ጡቴ ውስጥ አንድ ጥሬ ነካሁ።
አላመንኩም ጣቴን፤ ደግሜ ጫን አልኩ።
አለ።
ዝም ብሎ አለ።

ለማንም ሳልነግር አሥር ቀን ከረምኩኝ፤
የመክያ ነገር ነው እግሬን ያሰረብኝ።
እህቴን መክያን፣ ያኔ በልጅነት፣
"ምን እንዳለ እንይ" ብለው ቀደዷት፤
አዩ። ምንም የለም። መልሰው ሰፏት።
አሥራ አንድ ስፌት ይዛ ስትመጣ
"የኔ ሐኪም" አለች፣ "የቸገረው ሌባ፤
ግድግዳ ሰርስሮ ባዶ ቤት የገባ።"
ስንስቅ አመሸን።
እሷ ግን ከዚያ ወዲህ
ማንም ባለበት ልብሷን አትቀይርም።

ሆስፒታሉ ውስጥ፣ አዲሱ ክፍል ጋ፣
መሐሉ የተበሳ አገኘሁ አንድ አልጋ።
"አናጺው ረስቶት ነው?" አልኩ። ነስሩ ሳቀ፤
የአጋሮ ልጅ ነው፤ ማሽኑን እንደ ላም ደባብሶ
ጠጋ አደረገና አጠበቀ።
"ይቺ ዓይን" አለኝ፣ "ለሰው አልታሰበች፤
የሷ ዘር ሰማይ ላይ፣ ከደመና በላይ፣ ኮከብ ትቆጥራለች፤
ከሩቅ የመጣ ብርሃን፣ የደከመ ጭላንጭል፣
አንዷ ጠብታ እንኳ አታመልጣትም" ሲል፣
"ከደመና በላይ?" አልኩት በአፍጢሜ እንደተደፋሁ፣
"ለጅማ ሰው ነዋ የሠሯት!
ከግንቦት እስከ መስከረም እኛ መች ኮከብ አየን?"

ከዚያ ስክሪኑን ወደ ፊቴ አዞረው።
ጥቁር። ጥልቅ ጥቁር። ጨረቃ የሌለው ሌሊት።
መሐሉ ላይ ነጫጭ ነቁጥ፣ አምስት ወይ ስድስት፣
ተጠጋግተው፣ ሰው እንደሚያሙ ሴቶች።
"ኮከብ ነው?"
"ኖራ ነው" አለች ዶክተር ለሊሴ፣ "የኖራ ብናኝ፤
መርፌው እዚያ ይሄዳል። እንዳትንቀሳቀሺብኝ።"

ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ስም አምጥቶ ነበር፤
ያ ሰማይ ላይ ያለው የከዋክብት ጎዳና
ፍኖተ ሐሊብ ነው አለኝ።
ሐሊብን እኔም አውቃለሁ፣ ከመድረሳ ቤት፤
በዐረብም ወተት ነው፣ በግዕዝም ወተት።
አራት ልጅ ያሳደገ መንገድ፣ አሁን የደረቀ፣
ጠጠሩን ብቻ ይዞ ስክሪን ላይ ደመቀ።

መርፌውን እጅ አልመራው፤ ቁጥር ነው የመራው።
ጠቅ አለ፣ እንደ ክብሪት።
የሩዝ ፍሬ የምታህል ይዞ ወጣ። በቃ።

መክያ ደጅ ነበረች። ፕላስተሩን አየች፤
"ይኸው ነው?" አለች።
"ይኸው ነው።"
በጣቷ ለካችው፤ ከጥፍሯ ብዙም አይበልጥ።
ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ደረቷን ይዛ አለቀሰች፤
ለእኔ ደስ ብሏት ይሁን፣ ለራሷ ዘግይቶባት፣
አልጠየቅኳትም። ዝናቡ ጀመረ። ባጃጅ ጠራሁላት።

ውጤቱን አትጠይቁኝ። ገበያ አላወጣውም።
ያወቀው ያውቀዋል።
ትናንት አንዲት ሙሽራ "ቁረጪና ልየው" ብላ ቢላ ሰጠችኝ፤
ቢላውን አስቀመጥኩት።
"አውራ ጣትሽን አምጪ። እዚህ ጋ። ቀስ።
ይሄ የዛሬ ነው። ይሄ ጥሬ ነው፤ ያዢው፣ ልመጂው።
አሁን ማታ ስትታጠቢ፣ እንዲሁ ቀስ ብለሽ፣ በግራም በቀኝም…"
ሳቀች።
ከዚያ ሳቋን ተወችው።