ኮድ ዘጠኝ

ማሽኑ ዕጣ ጥሎ፣ ካርታው ላይ ነጥብ ዘራ፤
አሥራ ሰባተኛዋ፣ የኔ ዕጣ የኔ አደራ፣
ዶሮ ማነቂያ ወደቀች፣ ከድሮው ልብስ ሰፊ ተራ።

«ሰው አትምረጥ» ብለውኛል፣ ሥልጠናው ላይ ደጋግመው፣
«የሚስቅልህን አይደለም፣ ዕጣው የጠራውን ነው፤
ከነጥቧ ላይ ተነሥተህ፣ በግራ እጅህ ዞረህ፣
አምስተኛውን በር አንኳኳ፣ ሳታዳላ ቆጥረህ።»

ደረስኩ።
ታብሌቱ እጄን ነዘረው፤ «ደርሰሃል፣ እዚህ ነው» አለኝ፤
ቀና ብዬ ባይ ግን፣ አንድም በር አልታየኝ።
የቆርቆሮ አጥር፣ ቀይ አፈር፣
ግድግዳ የነበረ ድንጋይ፣ ሰማያዊ የቤት ቀለም፣
ቁጥር የተጻፈበት ጉበን፤ ቤቱ ግን የለም።
ቁልሉን አንድ ልበለው? ጉድጓዱን ሁለተኛ?
ኤክስካቫተሩስ ይቆጠር፣ ካሸዋው ቀጥሎ ሦስተኛ?

ደወልኩ ለአስተባባሪ፦ «ይልቃል፣ ቤቱ ፈርሷል።»
«ታዲያ ተኪ ውሰዳ! ቅርብ ያለ ሰው ይበቃል።»

ቅርብ ያለው ጥበቃው ነው፣ ጉተማ ይባላል ስሙ፣
ካቦርቱን ለብሶ ሲያንጎላጅ፣ ቀሰቀስኩት ከሕልሙ።
«እዚህ ነው የምትኖረው?»
«አይ፣ እዚህማ አድራለሁ፤
ኑሮዬን በየወሩ፣ ለልጆቼ እልካለሁ።»
መመሪያው፣ ገጽ አራት፣ «ስድስት ወር የኖረ» ይላል፤
አድሮ አድሮ ያልኖረ ሰው፣ የትኛው ሣጥን ይገባል?

ይኼኔ አንዲት ሴትዮ፣
በቆርቆሮው ቀዳዳ፣ ጎንበስ ብለው ገቡና
ነጥቧ ላይ ሄደው ቆሙ።
ልክ ነጥቧ ላይ፣ በስንዝር እንኳ አልሳቱም፤
ቤታቸው ነበር። ሳተላይት አልጠየቁም።

«ብርቅነሽ እባላለሁ፤ አሁን አራተኛ ፎቅ ነኝ፤
ዕድሬ ግን እዚህ ቀረ፤ እዚያ ማን ሊቀብረኝ?
ወር በገባ ልከፍል፣ ሦስት ታክሲ ተሳፍሬ፣
ስደርስ ሰብሳቢው የለም፤ ቆሜ እመለሳለሁ ከሠፈሬ።»

ውሃውን፣ መብራቱን፣ ዕዳውን፣ ጎረቤት እንዴት እንደሚረሳ፣
ከአርባ ሦስቱ ጥያቄ፣ ሳልጠይቅ መለሱ ሠላሳ።
ጣቴ ግን አልጻፈም።
ዕጣው አልጠራቸውም።

ጠዋት ትርሲት ደውላ፣ ካራብሳ አማርራ፣
«አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ በር ቆጥሬ በየተራ፣
የዕጣዬ በር ተቆልፏል፤
‹ፒያሳ ሄደዋል› አሉኝ» ብላ ነበር።
ስንት አራተኛ ፎቅ አለ፣ አራብሳ።
አልጠየቅኋትም።

ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ ቀይ ሲሆን፣
«ኮድ ዘጠኝ፣ ቤቱ የለም» የሚለውን ነካሁና
ላክሁት። እሳቸው ነጥቧ ላይ፣ እንደ ቆሙ ናቸው ገና።

«ጻፍከኝ?» አሉ፣
አቧራውን ከነጠላቸው እያራገፉ።