የእጅ ጫማ

ኤርላንገን በጥር፣ ሰማዩ አመድ ለብሶ፣
የግራ ጓንቴ አውራ ጣት ስፌቱ ተበጥሶ፣
አውቶቡሴን አቁሜ በምሳ ሰዓቴ
ከጠጋኟ ሱቅ ገባሁ ከነብስጭቴ።

ወይዘሮ ሮስቪታ መነጽሯን ሰቅላ
ጣቶቹን አንድ በአንድ እንደ ባቄላ ፈልፍላ
«ሃንትሹ» ስትለኝ፣ ቃሉን በልቤ ተረተርኩት፤
ከሁለት ቁራጭ ተሰፍቶ አገኘሁት፦
ሃንት ማለት እጅ፣ ሹ ማለት ጫማ።
እጅ ጫማ ሲያደርግ ማን አየ፣ ማን ሰማ?
በእጁ የሚሄድ ሰው ኖሯል ወይ በዚች ከተማ?

«አትሳቅ» አለችኝ፣ ክሯን በሰም አሽታ፣
«ከሺህ ዓመት በላይ ይኸው ይህ ስፌት፣ ሳይላላ፣ ሳይፈታ።
ሹ ራሱ ከመርገጫ በፊት መሸፈኛ ነበር ይላሉ አንዳንድ ሊቃውንት፤
ሥሩን ወርዶ ያየ የለም፤ ሁሉም በግምት።
እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?»

«ጓንት» አልኳት።
መርፌዋ ቆመ። አንድ ነገር ወጋት።

«ጋን!» አለች። የጠላው ጋን ትዝ ብሎኝ ሳቄን ዋጥኩኛ።
«የቅድመ አያቴ ቃል ነው፤ ፈረንሳዊ፣ ስደተኛ፣
ለእምነቱ ሲል የሸሸ የቆዳ ሙያተኛ፤
መቀሱን ይዞ መጥቶ የዚህን አገር እጅ አለበሰ፣
ልጆቹ ቃሉን ሲረሱት፣ እሱ ይዞት አፈር ለበሰ።
ግን ከሱም በፊት…» ጣቷ በጠረጴዛው ላይ መንገድ አሰመረ፣
«ቃሉ የዚሁ ምድር፣ የኛው ዘር ነበረ።
ቫንት ይሉት ነበር ፍራንኮች፣ በጥንቱ ደን፤
ከእጃቸው ሳይወልቅ ተሻገረ ራይንን፤
እኛ በምትኩ የእጅ ጫማ ሰፋን።»

የቀረውን እኔ ቀጠልኩ፦ ጣሊያን ወርዶ ጓንቶ ተባለ፤
በመርከብ፣ በሻንጣ፣ ሳንጠራው ከኛ ዋለ፤
ባለሻንጣው ሲባረር እሱ ጅራቱን ቆርጦ ቀረ፣
በሐኪም፣ በግንበኛ፣ በበረኛ እጅ አደረ።

ሦስት ዩሮ ከሃምሳ። ደረሰኙ ላይ «ሃንትሹ» ብላ ጀመረች፤
ቆም አለች፤ ሰረዘች፤ «ቫንት» ብላ ጻፈች።
ቀኜን ዘረጋሁላት። እሷም ከጣቷ ጫፍ
የመርፌ መከታዋን አወለቀች፣ ፊንገርሁት የሚሏት በነሱ አፍ፤
የጣት ባርኔጣ።

እንዲህ ተጨባበጥን፦
የኔ እጅ ጫማውን አውልቆ፣
የሷ ጣት ባርኔጣውን አንስቶ፣
ደጀ ሰላም ላይ እንደተገናኙ ሁለት ጨዋ ሰዎች።

ሠላሳ ቁጥር አውቶቡስ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ ወጣ።