ነጩ ሳይቃጠል

ቱሉ ዲምቱ። ቅዳሜ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት።
ጥላ ሁሉ ተጨማዶ ከጫማ ሥር ገብቷል።
ፀሐይ እንደ አበዳሪ አናት ላይ ቆማለች፤
ሙሽራዋ አያንቱ፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣
የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ትጠብቀኛለች።

ሙሽራው ጥቁር ሱፍ፣ እሷ በረዶ ነጭ፣
ከኋላቸው ደግሞ አዲስ የቆርቆሮ ጣራ
ብርሃን የሚረጭ።
ጥቁሩና ነጩ አንድ ፍሬም ውስጥ ገብተው
"ለእኔ ፍረጂ" ይሉኛል፣ እንደ ባላንጣ ባለጉዳይ።
እኔ አዳልቼ የማላውቀው ሰው፣
እዚህ ላይ አዳላለሁ። ለነጩ።

ጋሽ ልሳኑ ነው ያስተማረኝ፣ ሳሪስ፣ ባለ አንድ በር ፎቶ ቤቱ ውስጥ፦
"ጥቁር ጎተራ ነው፣ ያስቀመጥሽበትን አያጠፋም፤
ነጭ ግን እሳት ነው፣ የበላውን አይተፋም።
ሳይቃጠል በቅጠል፣ ልጄ!
ኋላ ኮምፒውተር ፊት ከምትለማመጪ
እዚሁ፣ ጣትሽ ካሜራው ላይ እያለ ጨርሺው።"

ያኔ አልሰማሁትም።

አባቴ ደግፌ፣ ሰፈሩ "ደግፌ ጣራ" የሚለው፣
የገላንንና የቂሊንጦን ስንት ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው፣
ምስማር በከንፈሩ ነክሶ፣ ሽቅብ ላይ ተንበርክኮ ሳለ፣
"አባዬ!" ብዬ ጠራሁት ከታች።
ዞረ። ሳቀ። አነሳሁት።
ስክሪኑ ላይ ጣራው ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣
ብልጭ ድርግም አለ።
ጌጥ መስሎኝ ደስ አለኝ።
ማስጠንቀቂያ ነበር።

ለአርባው በትልቁ ላሳትም ስል ከፈትኩት።
ጨለማውን ገለጥኩ፤ የሱሪው ጥጋን ወጣ፣
የመሰላሉ እግር፣
ግድግዳ ጥግ የተኛች የጎረቤት ድመት እንኳ ወጣች።
ነጩን ዝቅ ባደርገው፣ ዝቅ ባደርገው፣
ግራጫ ሆነ እንጂ እጅ አልሆነም።
መዶሻ የያዘ ቀኝ እጁ፣ የሳቁ ግማሽ፣
ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣
ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፤
ቁጥር ብቻ። ከቁጥሩ በታች ሰው የለም።

ስለዚህ ዛሬ
ለነጭ ቅድሚያ የሚሰጠውን ማስተካከያ ከፈትኩ፤
አይኤስኦው ከሁለት መቶ አልወርድም ብሎ ተቸነከረ።
ብርሃኑን አንድ እርከን ቀነስኩ። አሁንም ሲሶ።
ፋይሉን በጥሬው አስያዝኩ።
ሂስቶግራሙ፣ ያ ትንሽ ኮረብታ፣
ከቀኙ ግድግዳ ሸሽቶ ተጋደመ፣
ከወዲያ ማዶ እንዳለው እንደ የረር።
ብልጭ ድርግሙ ቆመ።
ዋጋ አለው፤ ጥላው ላይ አሸዋ ይበተናል፣
የሙሽራው ሱፍ ይሻክራል።
ይሻክር።

ሚዜው አብዮት አንገቱን አስግጎ አየ፦
"ምነው አጠቆርሽን? አብሪው እንጂ!
ሠርግ ነው፣ ለቅሶ አስመሰልሽው እኮ!"
ቪዲዮ ቀራጩም አብሮት ሳቀ።
"ይበራል" አልኩ፣ "ቤት ስገባ ይበራል።
የሌለውን ነው ማብራት የማልችለው።"

አያንቱ ግን ዝም ብላ ምስሉን አስቀረበችኝ።
ደረቷ ላይ፣ አክስቷ ፈይሴ
በነጭ ጨርቅ በነጭ ክር የጠለፈችው ቅጠል፣
ሦስት ወር የፈጀ፣ መነጽር ያስገዛ፣
ማን ያየኛል ሳይል የተሰፋ።
"ታየ" አለች።
ሌላ ነገር አላለችም።

ማታ፣ መብራት ሳይሄድ፣ ፊታቸውን አበራሁ።
እንደተባልኩት።
ከዚያ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከኋላ ያለውን ጣራ አቀረብኩት።
ነጭ አልነበረም ለካ።
ሸንተረሩ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሮዝ፣
ምስማሮቹም በየስንዝሩ ተሰልፈዋል።
አዲስ ጣራ ነው፤ የአባቴ ሊሆን አይችልም።
ቢሆንም ቆጠርኳቸው። አርባ ሰባት።
አንዷ ጠማማ ናት።
መቺው ቸኩሎ ይሆናል፣
ወይ ከታች አንድ ሰው ጠርቶት።