ናሙና አሥራ አራት

ሥራዬን ብትሉኝ፣ ሻጋታ ቀላቢ፤
የበርች ሰጋቱራ በማንኪያ መጋቢ።
እሱም በምላሹ ጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ላብ ያልበዋል፤
ላቡ ነው ኢንዛይሙ፤ እንጨት ያህል ነገር ይፈታበታል።

ዩቫስኩላ፣ የካቲት። ሐይቁ ደርቆ መኪና ተሸክሟል፤
ብርሃን ከደጅ ይደርስና ጫማውን ሳያወልቅ ይመለሳል።

ታይካ፣ አዲሷ ተማሪ፣ ጠየቀችኝ ባንድ ጠዋት፦
«ዳቦ የሚፈጨው ሆድ ለምን ያቅተዋል ወረቀት?»
«አኝኪ» አልኳት፤ ከጥቁሩ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት።
«እንዳትውጪ። ቆዪ።»
ቆየች። «ጣፈጠኝ» አለች በመደነቅ።
«ምራቅሽ ነው፤ ስታርቹን ክር በክር ሲተረትር፣ ሲያላቅቅ።
ወረቀትም ያው ስኳር ነው፤ ከዚያው ዘር፣ ከዚያው ማድ፤
ስታርች ውስጥ ሁሉም ስኳር ዞሮ ቆሟል ወዳንድ፤
ሴሉሎስ ውስጥ አንዱ ሲቀና ተከታዩ አናቱን ዘቅዝቆ፣
ውኃ እንኳ ጣልቃ አይገባም፤ ሰልፉ ከሰልፉ ተጣብቆ።
ይቺ ዝቅዘቃ ብቻ ናት ጥርሳችንን ያሳፈረች፤
ሌላው ሁሉ ያው ነው።»
ታይካ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ያልነገርኳት፦ እንደዚያ ተሠርቶ የማውቀው ሰው ነበር።

አባቴ ኦይቫ። ኬሚ፣ ወረቀት ፋብሪካ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
ካፖርቱ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ መንደሩም ይላል፦ «የገንዘብ ሽታ ናት።»
ሁለት ጣቶቹን ማሽኑ ጎርሶ ሲያስቀርበት
«የቀሩት ይበቃሉ» አለ። እነሆ ረጅሙ ንግግር፣ የወጣው ካንደበት።
ጋዜጣ ሲመጣ ዜናውን አያይም፤
አምፖሉ ላይ ዘርግቶ ቃጫውን ነው እንጂ፣ ፊደል አይቆጥርም።

ከቤት ስወጣ አንድ እሽግ ነጭ ወረቀት አሸከመኝ፤
«ጻፊ» አለኝ።
ጻፍኩ። ስለ ሻጋታ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጥርሴ ሕመም፤
ከእሱ፣ ወረቀት ሲሠራ ከሚውለው ሰው፣ ቁራጭ መልስ የለም።
(ደብዳቤዬንስ እንዲሁ ይሆን ያነበበው?
አምፖል ላይ ዘርግቶ፣ ቃጫ ቃጫውን እያየው?)

ኅዳር ላይ ቀበርነው። መሳቢያውን ስከፍት፣
ከዓሣ መንጠቆ፣ ከዛገ መፍቻ፣ ካለቀ ባትሪ በታች
አንድ ሉክ ወረቀት፤ እጥፋቷ ያረጀ፤ ስምንት ጣት የያዛት፤
«ውድ ራኡኒ፣» ትላለች።
ከዚያ ነጭ።
እስከ ታች ድረስ ነጭ።
ነጠላ ሰረዝ፤ ያውም ነጠላ፤
ተከታይ ያጣች፣ የሌላት ሌላ።

ዓርብ ማታ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሳውናው እንፋሎት ሲሄድ፣ ቀረሁ።
ከነጩ፣ ከታችኛው ጠርዝ፣ በማስመሪያ ለክቼ ቆረጥኩ፦
አንድ በስድስት ሴንቲሜትር፤ ሚዛኑ አርባ ስምንት ሚሊግራም።
ቃሉን አልነካሁም። ሰረዙንም።
ጠቅልዬ ቱቦ ውስጥ፣ የሻጋታዬን ላብ አፍስሼበት፣
ሃምሳ ዲግሪ በሞቀ ውኃ፣ አንድ ሰዓት።
ያቺን ሰዓት ምን ሠራሁባት?
ቱቦ አጠብኩ። አንዱን ሰበርኩ።

ከዚያ ቢጫውን መለኪያ ጨምሬ አፈላሁት፤
ቢጫው ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ሸክላ ሲያዘነብል አየሁት።
ስኳር። ጥቂት፣ ግን ስኳር። አንድ ነጥብ አራት።
ልቅመሰው አልኩ ለቅጽበት፤
ግን ስኳሩን እንድናይ የሚጨመረው ያው ቀለም
ስኳሩን መርዝ ያደርገዋል። ማየትና መቅመስ ባንድ አይሆንም።

ሰኞ ታይካ መዝገቡን ስታገላብጥ ቆየችና፣
«ናሙና አሥራ አራት ምንጩ አልተጻፈም» አለች፤ «ቁጥሩም ከሁሉ ያንሳል።»
«ከኬሚ ነው» አልኳት፤ «የዚያ አገር ወረቀት ይዘገያል።
አንድ ሰዓት አይበቃውም።»

ከዚያ ተነሥቼ ሰጋቱራ በማንኪያ ሰፈርኩ፤
ሻጋታው ቁርሱን ገና አልበላም።