የጸደቀና ያልጸደቀ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ስከፍት ኖርኩኝ፣
ሰሜን ዳኮታ ላይ ሕግ ሲወጣ አየሁኝ።
‹‹ሕግ ሲወጣ›› ሲሉት ታላቅ ነገር ይመስላል፣
ከደጅ ለቆመ ሰው ግን ሌላ ይታያል፦
እርጥብ ካፖርት ሲሰቀል፣ ሻይ ሲቀዘቅዝ፣
አንዱ ያንዱን ክንድ ይዞ ቀስ ብሎ ሲያፈዝዝ።
ሰማንያ ቀን ብቻ፣ በየሁለት ዓመቱ፤
ከዚያ ሁሉም ወደ እርሻው፣ ሁሉም ወደ ከብቱ።

አርዲስ ቲንግስታድ መጣች፣ በጥር፣ በውርጭ ጧት፤
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት
ስትነዳ የኖረች፣ ጣቷ የሻከረ፣
ሕፃናት መቁጠሩ ዓይኗ ላይ የቀረ።
ገና እንደገባች ቆጠረች ሁላችንን፣
ፌርማታ ላይ እንዳትረሳ አንዳችንን።

ያመጣት ምንድን ነው? ኦርቪል ነው፣ ባሏ፣
ደረቱን ይዞ ወድቆ ከጎተራው ጥላ።
ደወለች። ‹‹መጣን›› አሏት። ጠበቀች፤
ሃምሳ ሦስት ደቂቃ በሰዓት ቆጠረች።
አምቡላንሱ ደርሶ በድኑን ነው የጫነው፤
በረዶው ሲቀልጥ ነው ልወዳደር ያለችው።

በአርባ አንድ ድምፅ አለፈች። ‹‹ብዙ ነው›› አለችኝ፤
‹‹አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አይደል የመረጠኝ?››

ጠረጴዛዋ ላይ በእርሳስ የጻፈችው
በቢጫ ወረቀት አራት መስመር ብቻ ነው፦
አምቡላንስ ለገጠር፤ የጉድጓድ ውሃ ምርመራ፤
ድልድይ፣ አውቶቡስ ሲያልፍበት የማያስፈራ።
አራተኛውን መስመር አላነበብኩትም፣
የሳንድዊች ሣጥኗ አይነሣም ከላዩ መቼም።

‹‹ረቂቅ ነው›› አሉት፤ እውነትም ረቀቀ፣
ከኮሚቴው ክፍል ሳይታይ አለቀ፣
ስድስት ለአምስት ሆኖ። ሁለት ዓመት ቆጥራ
ይዛው ተመለሰች፣ አቧራውን አራግፋ።
በጀቱን ቆርጠው ርዕሱን ተዉላት፤
እንደዚያች ዶሮ ነው፣ በመጫኛ ጣሏት።

በሦስተኛው መጣ ሰውዬው፣ ባለ ቧንቧው፣
ክራንዳል የሚሉት፤ ለስላሳ ነው ጫማው።
‹‹የነዳጅ መስመሩን የግብር ቅናሽ ደግፊ፣
አሥራ አንድ አምቡላንስ አስከትለሽ እለፊ።››

ያን ሌሊት መብራቱን ላጠፋ ስገባ
ብቻዋን ነበረች፣ ካፖርቷን ደርባ።
‹‹አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?›› አለችኝ።
‹‹እኔ በር ጠባቂ ነኝ›› አልኳት። አፈርኩኝ።

በማግሥቱ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች፤
ሰሌዳው ላይ ስሟ በራ፤ ወደ ታች አየች።
ድምፅ ሰጠች ይላሉ። አዎን፣ ሰጠችው፤
ከዚያ ወዲያ ስትናገር ሹክሹክታ ነው።
አምቡላንሱም ጸደቀ፣ ቧንቧውም ጸደቀ፤
ስለ እሷ መጽደቅ ግን ማንም አልጠየቀ።

በቀጣዩ ምርጫ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ወደቀች።
ካፖርቷን ሳለብሳት ‹‹ግማሽ አውቶቡስ›› አለች።

ጡረታ ወጥቼ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሜዳው ሲያሸት፣
በኬልዳል አለፍኩኝ፣ በእሷ መንደር፣ በድንገት።
አምቡላንሱ ቆሟል ከእህል መጋዘኑ ፊት፤
አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው አሁን እስከ እሷ ቤት።
አንዲት ሴት ወልዳበታለች፣ በዚያ በክረምት፤
ልጁ ደህና ነው አሉ፤ ይሮጣል እንደ እምቦሳ።

ጎረቤቷ ሆቭላንድ ግን ሰላም አይላትም፤
ቧንቧው ካፈሰሰ ወዲህ፣ ከብቱ አይጠጣም።
ነፋስ እንዲመልስ ኦርቪል የተከለው
ጥድ ግን ጸድቋል፤ ማንም ድምፅ አልሰጠው።

እሷን ያገኘኋት ከሆቭላንድ አጥር ሥር
ከጅረቱ በብልቃጥ ስትቀዳ ነበር።
ሰኞ ሰኞ ትቀዳለች፤ ቀኑን ትጽፋለች፤
የጠየቃት የለም። ለማን ትልካለች?

‹‹ያ ቢጫው ወረቀት... አራተኛው መስመርስ?›› አልኳት።
አሰበች፤ ሳቀች። ‹‹ለድመቷ ወተት።››

ከዚያ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንሥታ፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ዝም ብላ ቆይታ፣
‹‹ጠርቷል?›› አለችኝ። መነጽር አልያዝኩም።
አዎ አላልኳትም። አይደለም አላልኳትም።